ድምፅህን ከኋላ ወንበር ሥር አስገባሁት

ለታደለ፣ ለምስጋና አባት፤

ወረቀቱን ሳነሳ እጄ «እንዴት ሰነበትክ» ለማለት ሮጠብኝ፤ ገታሁት። አንተ እንዴት እንደሰነበትክ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ደግሞ እኛ እንዴት እንደሰነበትን ልንገርህ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የሄድክብን ቡናው አብቦ ሳለ ነበር፤ ይኸው ዳግመኛ አበበ። ቤቱ አለ፣ ደጁ አለ፣ ሚኒባሷም ከሚዛን ቴፒ ትመላለሳለች። ትሸጣታለች ብለህ ሰግተህ እንደሆነ አልሸጥኳትም። ሹፌር ቀጥሬባታለሁ። አንተ እንደ እንቁላል ነበር የምትይዛት፤ እሱ ግን ሸኮ ድረስ አንድም ጉድጓድ አያልፈውም። ማታ ሲገባ እጮህበታለሁ፤ «እሺ እትዬ» ይለኛል፤ በማግስቱ ያው ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጉድጓዱ አይደለም። ብትኖር የምትቆጣበትን ነገር አድርጌያለሁ፤ አድርጌም ደስ ብሎኛል። መኪናህ ላይ ቤዝ አስገጥሜያለሁ። አዎ፣ ያንኑ ወጣቶቹ ከኋላ የሚጭኑትን፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጠውን ትልቅ ስፒከር። ኤሌክትሪሻኑ ሙክታር በወጉ «ሳብውፈር» ይለዋል። አንተ እንኳ «ደረት የሚረግጥ መኪና» እያልክ ስትስቅባቸው ትዝ ይለኛል። እስከ መጨረሻው ሳትቆጣ አንብብልኝ።

ነገሩ የምስጋና ነው። ልጃችን እንደማትሰማ ያወቅን ጊዜ እኔ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ፣ አንተ ግን እንደዘፈንክላት አልረሳሁትም። ጭንህ ላይ አስቀምጠህ መዳፏን ደረትህ ላይ ትለጥፍና በዚያ ኳየሩን ሁሉ በሚሸከመው ወፍራም ድምፅህ መዝሙር ትጀምራለህ። እሷም ዓይኗ ይፈጥና፣ ከዚያ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ምሳው ቀዘቀዘ ብዬ ስጣራ ሁለታችሁም አትሰሙኝም ነበር፤ እሷስ አትስማ፣ አንተ ግን አውቀህ ነው።

ስትታመም ጌጫ እህቴ ዘንድ ላክኋት። ለጥቂት ሳምንት መስሎኝ ነበር። ድንኳኑ ከተነሳ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ተመለሰች፤ ማንም ምንም አልነገራትም። ለሰው ሁሉ መርዶ ሲነገር ወግ አለው። በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ እህል ሳይቀመስ ይነገራል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ለምስጋና ግን ማን ይንገራት? በምን አፍ? «ነይ»ን፣ «ብዪ»ን፣ «ተኚ»ን በእጃችን እንነጋገራለን። «ሞተ» የሚል እጅ ግን አልነበረንም። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ወልዴ፣ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ «አትሰማ፤ ምን አስጨነቀሽ? እያደር ትረሳዋለች» አለኝ። እኔ የማየውን ግን እሱ አላየም። ማታ ማታ መኪናዋ ደጅ ስትደርስ ሮጣ በሹፌሩ በኩል ትቆማለች። በሩ ይከፈታል፣ ሹፌሩ ይወርዳል። እሷም በትከሻው አሻግራ ወደ ውስጥ ታያለች፣ ቀስ ብለህ የምትወርድ መስሏት። ሹፌሩ አንጀቱ አልችል ቢለው በሌላኛው በር መውረድ ጀመረ። እሷም ወደዚያ ዞራ መቆም ጀመረች።

አንድ እሑድ ሙሽራ ይዘው የሚያልፉ መኪኖች በደጃችን አለፉ። አንደኛው ቤዝ ነበረው። የቆርቆሮ በራችን ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። ምስጋና በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ደንግጣ ዞረች፣ መዳፎቿን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች፣ ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ያንተ ድምፅ በካሴት አለ፤ ኳየራችሁ የቀዳው፣ አንተ ብቻህን የምትጀምርበት መዝሙር ያለበት። በጆሮ ካልሆነ በእጅ ትሰማዋለች አልኩ።

ሙክታርን ጠራሁት። ገና መኪናዋ ውስጥ እንደገባ ቴፑን አይቶ ሳቀ። ይሄ የፋብሪካው ነው፣ አርጅቷል፣ አውጥተን መብራት የሚረጭ አዲስ እንግጠምልሽ አለኝ። አዲሱ ካሴት ያጫውታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የለም፣ ፍላሽ ነው አለ። እንግዲያው አይነካም አልኩ። «ኦሪጂናሉን አታስነኪ» ስትለኝ የነበረው ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ ባንተ አነጋገር ስቆጣው ራሴን ሰማሁት። ሙክታር ራሱን አከከ። በቴፑ ጀርባ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ የለውም፣ ያኔ ቤዝ ይገጠምበታል ብሎ የሠራው የለም አለ። እኔም መላ ፈልግለት አልኩት። ፈለገለት። ከኋላ ስፒከሮች ሽቦ ላይ ድምፁን የምትቀዳ ትንሽ ዕቃ አለች፤ እሷ ለአምፕሊፋየሩ ታቀብላለች፣ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ለቤዙ ይሰጣል። ቴፑ ካለበት አይነቃነቅም። ዕቃውን ለማምጣት ጂማ ላከ።

እስኪመጣ ድረስ ስፒከሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ማሠራት ነበረብኝ። ያለ ሳጥን ድምፁ ከንቱ ነው ብሎኛል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አናጢው ጋሽ ጴጥሮስ አማን ከተማ ነው ያለው፤ ስልክ ደወልኩለት፤ ኔትወርኩ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ይቆራረጣል። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ አንድ ሳጥን ይሥሩልኝ፤ ትንሽ ነው፤ ለምስጋና ነው» አልኩት። በተሰበረ ድምፅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አለኝ። ያንተን ኀዘን ማለቱ መስሎኝ «አሜን፣ ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ። እንዲያውም ደግ ሰው ብዬ አመሰገንኩት።

በማግስቱ ማለዳ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። በሩን ስከፍት የእድሩ ሰዎች የድንኳን እንጨት ተሸክመው፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ምስጋናዬ!» እያሉ ደረት ይመታሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ከኋላቸው በነጭ ጨርቅ የተለበጠች ትንሽ ሳጥን በትከሻው ይዟል። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ምስጋና ግማሽ ዳቦ በእጇ ይዛ፣ ፀጉሯን እንዳንጨባረረች ከጀርባዬ ብቅ አለች። ጎረቤታችን እዚያው ቁጭ አለች። አንዷ ሸሸች። ጋሽ ጴጥሮስ ሳጥኑን ጣለው።

ነገሩ ሲገባቸው ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ ተቆጡ። ጋሽ ወልዴ መጥቶ ይሄ ምልክት ነው፣ ተዪው አለኝ። ምልክት ከሆነስ ልጄ በሕይወት መኖሯን ነው ያሳየኝ አልኩት። ጋሽ ጴጥሮስ አፍሮ ያንኑ እንጨት አፍርሼ ልሥራልሽ አለ፤ በፍጹም አልኩ። በአዲስ ወፍራም ቺፑድ፣ አየር እንዳይወጣ ጠርዙ ሁሉ በኮላ ተይዞ፣ ለኋላ ወንበር ሥር በልኩ ተሠራ። ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፌን ያጣሁት በሳጥኑ አልነበረም። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ምስጋና አይታለች። ሁሉም እሷን እያየ ያለቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ እየመጣች ፊቴን በሁለት እጇ ትይዝና ዓይኔን ትመረምራለች። አንድ ነገር እንደደበቅናት ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ነው ያጣችው። መርዶዋን እኔ ራሴ ልነግራት፣ ከዚህ በላይም ላላሳድር ቆረጥኩ።

ሙክታር ሲገጥም አጠገቡ ሆኜ ባትሪ አበራሁለት። ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከመኪናው ባትሪ አነሳ፣ እዚያው አጠገቡ ፊዩዝ አደረገበት፤ ያለ ፊዩዝ እሳት ነው አለኝ። ጥቁሩን ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰረ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ቤዙ ያፏጭ ጀመር፤ ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱም አብሮ ይጨምራል። የጥቁሩ ሽቦ ማሰሪያ ቀለም ላይ ኖሯል። ቀለሙን እስኪያብለጨልጭ ፋቀው፣ ደግሞ አሰረው፣ ፉጨቱ ጠፋ። የኋላው ታርጋ መንቀጥቀጡ ሲያስቸግረን ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ ከሚነፋው፣ የቆረጠውን ላስቲክ ከሥሩ አስገባለት። ለዘፈን ቢሆን ከበሮውና ጊታሩ ይበቃዋል፤ አንቺ የሰው ድምፅ ካልሽ ግን ትንሽ ከፍ ላድርገው ብሎ ማስተካከያውን በመጠምዘዣ አዞረው። ካሴትህን ከተተ። አንተ ስትጀምር የመቀመጫው ብረት ድምፅህን ያዘ። ሙክታር «አላህ ይማረው፣ ድምፅ ነበረው» አለ። እኔ ከመኪናዋ ወርጄ ከጓሮ ቆየሁ።

ምስጋናን አምጥቼ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አደረግሁላት። ወዲያው አወቀችህ። ታደለ፣ በእጇ አወቀችህ። የሳቀችውን ሳቅ ብትሰማ ኖሮ! ከዚያ ግን ያላሰብኩትን አደረገች። ወርዳ ከሳጥኑ ጀርባ ተመለከተች። ወንበሩን አንሡልኝ አለች በእጇ። ከመኪናዋ ሥር ተንበርክካ ፈለገችህ። ሙክታር ፊቱን አዞረ። ላስደስታት ብዬ ተስፋዋን አጠናክሬው ኖሯል። አሁኑኑ ካልነገርኳት ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ትወጣለህ ብላ ስትጠብቅህ ልትኖር ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ እህል ሳንቀምስ፣ እንደ ወጉ ወጣን። ሹፌሩ ነዳ፤ ጋሽ ወልዴ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ብትወድቅ ልያዛት ብሎ አብሮን መጣ። መንገዱን ሁሉ ካሴትህ እየዘፈነ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳጥኑን አቅፋ ሄድን። መቃብርህ ዘንድ ስንደርስ ፎቶህን አሳየኋት፣ አፈሩን አሳየኋት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ወደ ጎን አጋደምኩ። ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። የገባት አልመሰለኝም። ደግሜ ልሞክር ስል ተንበረከከች። ሁለቱን መዳፎቿን አፈርህ ላይ ለጠፈች። ጠበቀች። ትንሽ ፈቀቅ አለችና ደረትህ ይኖርበታል ባለችው በኩል ደግማ ለጠፈች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች፤ የለም።

የለም፣ ልጄ፣ አልኳት፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ያኔ አለቀሰች። የራሷን ድምፅ ሰምታው አታውቅም፤ ወፍራም ነው፣ ያንተ ነው። ጋሽ ወልዴ ሊይዛት መጥቶ ራሱ ወደቀ፤ እሷ ያዘችው።

ስንመለስ ከሳጥኑ ጀርባ አልፈለገችህም። ካሴቱ ሲያልቅ ወደፊት መጥታ ራሷ ገለበጠችው፣ ከዚያ እጄን ስባ ሳጥኑ ላይ አደረገችልኝና ፊቴን ታይ ጀመር፣ እኔም እየሰማሁህ እንደሆነ ለማወቅ።

እየሰማሁህ ነው፣ ታዴ። ካሴቱን አስቀድቼ ሌላ አስቀምጣለሁ፤ አንደኛው ቢበጠስ ሌላው ይኖራል። ፊደል እያስተማርኳት ነው፤ መዝሙርህ ምን እንደሚል አንድ ቀን ቃሉን አንብባ ታውቀዋለች። ስለ አባቷ ስትጠይቅ እንዳይደብቋት፣ ስምህ በፊቷ እንዲጠራ ለሁሉም ነግሬያለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህቺ ልጅ ያንተን ነገር ከእኔ ፊት ላይ መርምራ የምታገኘው እንዲሆን አላደርግም፤ በግልጥ እነግራታለሁ፣ ትነግረኛለች።

ባለቤትህ፣ የምስጋና እናት