ብስኩት መሸነፍ ለምዷል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም በሆቴሉ የፈረሰኞች የራት ትርኢት ላይ ተሸነፍኩ። ቢጫው ፈረሰኛ ኮዲ በጦር ገፋኝ፣ አሸዋው ላይ ወደቅኩ፣ መለከት ተነፋ፣ ፈረሴ ብስኩት ጥሎኝ ወደ ጋጣው ሄደ። ካሮቱ እዚያ ነው የሚጠብቀው። ከአረንጓዴው ደጋፊዎች ወገን የተቀመጠ አንድ እንግዳ ዶሮውን እየጋጠ፣ "ተነስ እንጂ ወንድሜ፣ ራቴ ሳያልቅ!" አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
የትርኢቱ አዘጋጅ ግሌንዳ ሰበሰበችን። ሆቴሉ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ትርኢቱ ይታደሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አረንጓዴው ፈረሰኛ ያሸንፋል፣ ቢጫው ይወድቃል።
አረንጓዴው እኔ ነኝ! ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ...
የብረት ጥሩሬን ሳላወልቅ ወደ ሆቴሉ ካዚኖ ሮጥኩ። ከሠርግ አዳራሹ የወጡ ሙሽሮች ፎቶ ካልተነሳን ብለው ያዙኝ። ባለቤቴ ዶሪን ካርታ እያደለች ነበር፤ በሥራ ላይ ማናገር ክልክል ነው። ከቁማር ማሽኖቹ መሃል አውራ ጣቴን አሳየኋት።
ቤት ስትገባ፣ "አንድ ቀን እንኳ ስታሸንፍ ልይ። ፈረቃ እቀይራለሁ" አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ልምምድ። ጉድ ፈላ። ኮዲን ጣልኩት፣ መለከት ተነፋ። አሸናፊ ሜዳውን ዞሮ እጅ ይነሳል። ብስኩት ግን መለከቱን እንደሰማ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ... ልጓሙን ብስበው ብጎትተው፣ እኔን እንደተሸከመ ጋጣ ገባ።
"ሽማግሌው፣ ፈረስህ ቦታህን ካንተ በላይ ያውቃል" አለ ኮዲ።
ደግመን ሞከርን። ደግመን ጋጣ ገባን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ጆሮውን በጥጥ ደፈንነው። አራግፎ ጣለው፣ ከዚያ በላው።
ግሌንዳ አልሳቀችም። "ቅዳሜ ካልታዘዘ ሌላ ፈረስ ይገዛልሃል።"
"ብስኩትስ?"
"ይሸጣል። ትርፍ ጋጣ የለንም።"
በዚህ ዕድሜው ማን ይገዛዋል? ለምን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ዶሪን ከፊተኛው ረድፍ፣ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ። አሸነፍኩ! መለከት ተነፋ። እጄን ለሕዝቡ ሳነሳ ብስኩት ዞረ። ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ እጄን እያውለበለብኩ ወጣሁ... ምን ላድርግ? አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በትርኢቱ ንጉሥ የሚሆነው ሰውዬ ሲስቅ ዘውዱ ወደቀ።
ጋጣው ውስጥ ብስኩት ካሮቱን ጠየቀኝ። ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ምን ብዬ ልቆጣው?
ዶሪን ዓይኗን እየጠረገች መጣች። ያለቀሰች መስሎኝ...
"በሳቅ ሆዴን አቆሰልከኝ፣ አንተ ሰውዬ!"
"አላፈርሽብኝም?"
"አሸናፊማ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ አያለሁ። አንዱም እንዲህ አስቆኝ አያውቅም።"
አረንጓዴ ጥሩሬን አውልቄ ታቅፌው ወደ ኮዲ ሄድኩ። "ልክህ ይመስለኛል" አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ግሌንዳ። ትንሽ አሰበችና፣ "የሚወድቅ ከተገኘማ እኔ ምን ቸገረኝ?" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ኮዲ አረንጓዴውን ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ጠበበው። እኔ ቢጫውን። ብስኩት ለቀለም ግድ የለውም።
ገፋኝ፣ ወደቅኩ፣ መለከት ተነፋ። አሸዋው ላይ እንደተጋደምኩ ኮቴውን አዳመጥኩ። ቀጥ ብሎ ወደ በሩ... አንድም ስህተት የለበትም።
ሁሉም ለኮዲ ሲጮህ፣ ከቢጫው ወገን አንዲት ሴት ብቻ ለእኔ ቆማለች፣ በአንድ እጇ የዶሮ እግር ይዛ። ሻርፗንም በቢጫ ቀይራለች።