እርግማኔ ይመለስልኝ፤ አለዚያ ምሰሶው ይነሣ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025
ቂርያት ማላኪ

ለክቡር አቶ መንበሩ አድማሱ
የዓርብ ቀትር እግር ኳስ ሊግ ሥራ አስኪያጅ
ያቭነ

ጉዳዩ፦ በቂርያት ማላኪ ሜዳ ያለው የመብራት ምሰሶ ከመጪው ዓርብ ጨዋታ በፊት እንዲነሣ፤ ይህ የማይቻል ከሆነም ስለ ምሰሶው የተናገርሁት ክፉ ቃል በማኅተም እንዲጸናልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

1. እኔ አመልካች ደባሱ ይርዳው የቂርያት ማላኪ ቡድን አሰልጣኝ ከሆንሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ከእሑድ እስከ ሐሙስ በቤኤር ቱቪያ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የብረት መደርደሪያ እተክላለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ተከላካይ እተክላለሁ። መደርደሪያ ቢያንስ በተከሉት ቦታ ይገኛል።

2. ምላሴ ረጅም መሆኑን አልክድም። «በዚህ ሊግ ያለነው አሰልጣኞች ሁለት ብቻ ነን፤ አንዱ እኔ፣ ሁለተኛው እኔ የታመምሁ ዕለት የሚተካኝ» ብዬ የተናገርሁት እኔ ነኝ። በያቭነ ሦስት ለባዶ በተሸነፍን ጊዜም «ዛሬ የተሳሳተችው ኳሷ ናት» ብዬ ቀና ብዬ ወጥቻለሁ። በዚያ ዕለት ክቡርነትዎ አፍዎን በእጅዎ ሸፍነው ሲሥቁ አይቻለሁ። ስለዚህ ቀልዴ የሚያስቀጣ ከሆነ የሣቀውም ድርሻ እንዳለው በትሕትና አስታውሳለሁ።

3. ምላሴ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቁር ነጥብ አለ። ምላሱ ጥቁር የሆነ ሰው የተናገረው ይደርሳል እንደሚባል ከእኔ ይልቅ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የያቭነውን በረኛ አቪሻይን «በዚህ እጅህ ሐኑካን አትደርስም» አልሁት፤ በዓሉ ሳይገባ ክንዱ ተሰበረ። «የዳኛው መኪና ከዳኛው ቀድማ ታርፋለች» አልሁ፤ በሳምንቱ ጌዴራ መታጠፊያ ላይ ሞተሯ ነደደ። ሁለቱም አጋጣሚ ናቸው። አቪሻይ የወደቀው ከሞተር ብስክሌት ነው፤ መኪናይቱም ዘይት ካየች ቆይታለች። ነገር ግን ሰዉ መቁጠር ጀመረ፣ ተጫዋቾቼም ደስ አላቸው፣ እኔም እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተጋጣሚ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም ከመስመሩ ዳር ሆኜ ምላሴን አውጥቼ ማሳየት ጀመርሁ። አራት ሰዎች ስተዋል። ይህን ነገር በገዛ እጄ አብልቼ ያሳደግሁት እኔ መሆኔን ለማንም ሳልሰውር እገልጻለሁ።

4. ጃንዋሪ 10 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ የማዕዘኑን ባንዲራ ስተክል ምሰሶውን አየሁት። ከተመልካቹ በስተጀርባ ያለው፣ መብራቱ ከጠፋ ሦስት ዓመት የሆነው፣ አሁን የድምፅ ማጉያ ብቻ የተሰቀለበት ምሰሶ ነው። እግሩ ሲሚንቶ ላይ የታሰረው በስምንት ብሎን ነው። አንዱ ወልቆ ሣር ላይ ተኝቷል፤ ሲሚንቶውም ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ብረት ማቆም እንጀራዬ ነውና የሚቆመውንና የሚወድቀውን በዓይኔ እለያለሁ። ወዲያው ወደ ቢሮዎ ስደውል ጸሐፊዎ ወ/ሮ ሊሞር በጥሩ ትሕትና «ቤሰደር፣ እሺ፣ እመዘግበዋለሁ» አሉኝ።

5. ቤሰደር ምሰሶ እንደማይደግፍ ስለማውቅ፣ በዚያው ዕለት ያቭነን ሦስት ለአንድ ካሸነፍን በኋላ ማይክሮፎኑን ከአስተዋዋቂው ከሊኦር ተቀብዬ ለተመልካቹ እንዲህ አልሁ፦ «ይህ ምሰሶ ከያቭነ ተከላካዮች ይሻላል ብላችሁ አትመኑት፤ የጌዴራ ቡድን በመጣ ቀን ይተኛል።» ስልክ ያልደረሰበት ቀልድ ይደርሳል ብዬ ነበር። ሰዉ ይሥቃል፣ ሥቆም ዞር ብሎ የምሰሶውን እግር ያያል ብዬ ነበር። አንድም ሰው አልሣቀም፤ አንድም ሰው እግሩን አላየም። ሴቶቹ የልጆቻቸውን እጅ ይዘው ሲነሡ አየሁ። በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ ማለት ይህ ነው።

6. በአራተኛው ቀን ከቢሮዎ «ሟርት ያዘለና ሕዝብ የሚያስፈራ ንግግር» በሚል ለስድስት ጨዋታ ታገድሁ። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ምላሴ ይናገራል። ስለ ምሰሶው አንዲት መስመር የለበትም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም።

ከንግግሬ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓርቦች በምሰሶው ሥር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሳይ ዙሪያው ባዶ ነበር፤ ሰዉ እያንዳንዱ ወንበሩን አርቆ ተቀምጧል። ስሜን እያነሡ ይረግሙኝ እንደነበር አውቃለሁ። ግድ አልነበረኝም፤ እንቅልፌንም ተኝቻለሁ። የፈራኝ ሰው ከምሰሶው ሥር ይሸሻልና።

ጃንዋሪ 25 ቀን፣ ሰንበት እንደወጣ፣ አባ ፈንቴ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ። የጌዴራ ሰዎች «ደባሱ ቃሉን ካላነሣ ቡድን አንልክም፣ እኛም አንመጣም» ማለታቸውን ነገሩኝ። እኔም ስለ ብሎኑ፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ስንጥቁ አንድ በአንድ አስረዳሁ። አባ ፈንቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ሰምተውም «ልጄ፣ እሱንም አብረህ አንሣው» አሉኝ።

ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት ከቤቴ አልተማርሁም። ባለቤቴ ጠጅቱም ከበሩ ላይ ሆና በዓይኗ ትለምነኝ ነበር። ተነሥቼ «አፌን በቆረጠው» አልሁ። አሜን ተባለ፤ ተመረቅሁ፤ ጠጅቱ አለቀሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔን ግን ከአፋፉ መለሱት። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ አልወቅሳቸውም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። እርግማኑ የሕዝቡ አጥር ነበር፤ አጥሩን ቆሜ በገዛ አፌ አፈረስሁት።

ባለፈው ዓርብ ያ ባዶ ቦታ ሞልቶ ነበር። እንዲያውም ቃሉ ተነሥቷልና ከበፊቱ ይልቅ ቀርበው ተቀመጡ። ከሁሉ ቀድማ የተቀመጠችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ማዕያን ናት። ከበሮዋን ታቅፋ፣ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደግፋ፣ ጓደኞቿን ከግራና ከቀኝ አድርጋ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ተነሺ ብዬ ስጮህ «አባ፣ አንሥተኸው የለ? ያላ፣ በል ተው፣ አታሳፍረኝ» አለችኝ። ሰዉ ሣቀ። አሥራ አንድ ዓመት ሳስቀው የኖርሁት ሕዝብ የዚያን ዕለት ምነው ባልሣቀ አልሁ።

በዕረፍቱ ገብቼ አጎነበስሁ። ሁለተኛው ብሎን ወልቋል፤ ሦስተኛው በጣት ይዞራል። ምሰሶው ወደ ተመልካቹ አንድ ስንዝር ያህል አዘንብሏል። ይህ ሳያንስ ቢሮዎ ለጌዴራው ጨዋታ ያሠራው ስድስት ሜትር የማስታወቂያ ጨርቅ ከላይ ታስሮበታል። ነፋስ በነካው ቁጥር ጨርቁ ይነፋል፣ ከሥር ብረቱ ያቃስታል። ያን ድምፅ በመጋዘን ውስጥ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሮጠን ወጣን፤ መደርደሪያው የወደቀው ከኋላችን ነው።

ስለምን ራስህ አታጠብቀውም ይሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ብሎን አይዝም። ሁለተኛ፣ የጌዴራው አሰልጣኝ ኤታን «ደባሱ ቃሉ እንዳይወድቅበት ብሎኑን ራሱ እየፈታ ነው» ብሎ አስወርቷል። በምሰሶው ሥር መፍቻ ይዤ ብታይ እስከ ልጅ ልጄ የሚነገር ታሪክ ይሆናል። ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤትም ደውዬ ነበር፤ ሜዳውን የተከራየው አካል ራሱ መጠየቅ አለበት አሉኝ። እርሱም ክቡርነትዎ ነዎት።

ጌዴራ ለሚመጣበት ለመጪው ዓርብ ብርቱ ነፋስ እንደሚኖር ተነግሯል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና የምጠይቀው እነሆ፦

ሀ. ጨርቁ ዛሬ ይውረድ፣ ምሰሶውም ከዓርብ በፊት ይነሣ።

ለ. ለማንሣት ጊዜ የለም ከተባለ፣ ከምሰሶው ሥር ሃያ እርምጃ ድረስ በገመድ ይታጠር፣ ሰው እንዳይገባ ጠባቂ ይቁም።

ሐ. ይህም ካልሆነ፣ ደባሱ ይርዳው ቃሉን ማንሣቱን ሊጉ እንዳልተቀበለውና እርግማኑ እንደ ጸና የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተምዎ ይጻፍልኝና ከጨዋታው በፊት በድምፅ ማጉያው ይነበብ። ሕዝቡ ገመድ ቢንቅ ምላሴን ይፈራል።

እገዳዬ እንዲነሣልኝ አልጠየቅሁም። ከፈለጉ ስድስቱን አሥራ ሁለት ያድርጉት። ስሜም ሟርተኛ ሆኖ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ልጄን ከዚያ ቦታ ብቻ ያስነሡልኝ።

በሕይወቴ እኔ ትክክል አይደለሁም ያልሁበት ቀን የለም፤ ይህን ተጫዋቾቼም ጠላቶቼም ይመሰክራሉ። አሁን ግን ተሳስቼ ብገኝ ደስታውን አልችለውም።

ከሦስቱ አንዱም ካልተፈጸመ፣ የታገድሁት ከአሰልጣኝ ወንበር እንጂ ከተመልካች ወንበር አይደለምና፣ ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ይዤ በምሰሶው ሥር፣ ከማዕያን አጠገብ እቀመጣለሁ። አንደኛው ወንበር የክቡርነትዎ ነው። ምሰሶው ጤነኛ ከሆነ መጥተው ከእኔ ጋር ይቀመጡበታል። የማይቀመጡበት ከሆነ ግን ለዚህ ማመልከቻ መልስ ሰጥተዋል ማለት ነው፤ ሌላው ሕዝብስ ለምን ይቀመጥበት?

ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኽ ውሻ እንዳልቆጠር አስቀድሜ በጽሑፍ ያሳወቅሁ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ደባሱ ይርዳው

ግልባጭ፦
ለአባ ፈንቴ፣ ቂርያት ማላኪ
ለአሰልጣኝ ኤታን፣ ጌዴራ

አባሪ፦
ከምሰሶው ሥር ወልቀው የተገኙ ብሎኖች፣ ሦስት። ማመልከቻውን ዛሬ ጠዋት መጻፍ ስጀምር ሁለት ነበሩ።