መሪውን የያዘው አልሲድ አልነበረም

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? የተሰበረው ክንድህ ዳነልህ? ልጆቹስ? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? እኔን ብትል «ደኅና ነኝ» ልልህ ብዕር አነሣሁና ተውኩት። ደኅና አይደለሁም። ባሌን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም፤ ደኅና ብሆን ነበር የሚገርመው።

ሚስትህ ደብዳቤህን አድርሳልኛለች። ሳነበው ፊቴን ልታይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ሩዝ አቀረብኩላትና ጓሮ ወጥቼ አነበብኩት። አንዴ ማመን አቅቶኝ፣ አንዴ ደሞ ተናድጄ ሁለቴ አነበብኩት። «ሐሙስ ዳኛው ፊት ስትቀርቢ የጀልባዋን መሪ የያዘው አልሲድ ነበር በይልኝ» ትላለህ። «ሙት አይከሰስ፣ ሙት አይታሰር። እኔ ግን የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። አልሲድ ቢሰማ ራሱ እሺ ይል ነበር፤ ደግ ሰው ነው» ትላለህ። ጉድ እኮ ነው! የባሌን ደግነት አንተ ትነግረኛለህ?

አልልም። ቁርጥህን እወቅ፤ አልልም። እናታችን ሙት ወቃሽ አድርጋ አላሳደገችኝም። አንተ ደሞ የሞተን ሰው፣ ያውም የገዛ ባሌን፣ ያውም በሐሰት ውቀሺው ትለኛለህ።

ጠጥተህ ስለነበር ትዝ ባይልህ አይገርመኝም፤ እኔ ልንገርህ። የጀልባዎቹ ቡራኬ ቀን ነበር። አባ ቴሪዮ ጠበሉን ረጭተው ሳይጨርሱ አንተ ቢራውን አጋምሰኸው ነበር። አልሲድ ቀስ ብሎ «ወንድም፣ ዛሬ ወንዙ በጀልባ ተጨናንቋል፤ መሪውን ለኔ ስጠኝ» አለህ። ሳቅክበት። «ጠበል የነካት ጀልባ ምን ትሆናለች? ይልቅ የእህቴን ሽርጥ ታጠቅና ሸርጣን ቀቅል» አልከው። ጀልባ ማቆሚያው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አውካካ። አልሲድ ብቻህን እንድትሄድ ሆዱ እምቢ ቢለው ነው ተከትሎህ የገባው።

ያ ቀይ ገመድ ደሞ! ነጂው እጁ ላይ ያስረዋል፤ ድንገት ከወደቀ ገመዱ ተመዝዞ ሞተሩን ያጠፋዋል። ሌላ ሥራ የለውም። አልሲድ ሲያቀብልህ «ውሻ ነኝ እንዴ የምታሰር?» ብለህ መሪው ላይ ጠመጠምከው። ከዚያ ዳር ለቆሙት ሴቶች ጉራህን ልታሳይ፣ በዚያ ፍጥነት መሪውን ባንዴ ጠመዘዝከውና ሁለታችሁም ውሃ ውስጥ ገባችሁ። ጀልባዋ ግን አልቆመችም። ባዶዋን ዞራ ተመልሳ መጣችባችሁ። አልሲድ ዋናተኛ ነበር፤ ጥሎህ ቢወጣ ዛሬ በሕይወት ነበር። አንተ ሰክረህ ላይና ታቹ ጠፍቶህ ስትንቦጫረቅ ተመልሶ ዳር ወዳለው ሸምበቆ ገፈተረህ፤ እሱን ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ስለት አገኘው። አንተ ክንድህ ተሰበረ፣ እሱ ሞተ። አባ ጠበል የረጩት ጀልባዋን እንጂ ስካርህን አልነበረም።

ሰዉማ ገበያ ሲያገኘኝ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይለኛል። ምን የእግዜር ቁጣ አለበት! እግዜር ያን ቀን ቢራ ሲጠጣ አላየሁትም። «ያንድ እናት ልጅ አይደላችሁም? የሞተውስ ሞተ፣ የቆመውን አትግደይ» የሚሉኝም አሉ። ካሻቸው ሰላምታቸውን ይንፈጉኝ፤ ቤተ ክርስቲያንም ብቻዬን ልቀመጥ። የመጣው ይምጣ! አንተ ወንድሜ ነህ፤ እወድሃለሁ፤ ውደጂው አልተባልኩም፣ ሆዴ ነው እንጂ። ብትታሰር ስንቅ የማመላልስልህ እኔ ነኝ። ልጆችህም እኔ እያለሁ አይራቡም። ባሌን ግን ሁለቴ አትገድልብኝም።

«እማዬ እንዳትሰማ፣ ልቧ አይችልም» ብለሃል። እኔም ልደብቃት ነበር። ከጓሮ ስመለስ ፊቴን አየችና «ከሱ ነው አይደል? አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። ሽሪምፕ እየላጠች ሰማችኝ፤ ቀና አላለች፣ አላለቀሰችም። ስጨርስ እጇን ታጠበችና ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ «ተኩሽልኝ፣ ለሐሙስ ነው» አለችኝ። ደንግጬ ባያት፣ «እኔም እኮ ማቆሚያው ላይ ነበርኩ። ዝም ያልኩት የጠየቀኝ ስለሌለ ነው» አለች። ካውያውን አሙቄ ተኮስኩላት።

ይኸው ይህን ስጽፍልህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ስትፈራ ምግብ እንደማይወርድልህ ታውቃለችና፣ «ሐሙስ ጠዋት ሳይበላ እንዳይመጣ» ብላሃለች።

እግዚአብሔር ክንድህን ይጠግንልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለሐሙስም እውነት የሚናገር አንደበት ይስጥህ።

የማትዋሽልህ
እህትህ