የሸምበቆው ዳር ስሌት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስምረት፤

እንደምን ከረምሽ ብዬ አላደክምሽም፤ እንዴት እንደከረምሽ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ጋብ ብሏል። መብራት ግን እንደ ልማዱ ይሄዳል ይመጣል፤ በሄደ ቁጥር ስሌቱን ከመሀል ስለሚያቋርጥብኝ እንደገና እጀምራለሁ። ዛሬ አለቀ። ያልደወልኩልሽ ስልክ ላይ አንቺ ስለምታለቅሺ እኔም ስለምቆጣ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው "እማዬ፣ ይፍቀዱልኝና የባሌን እርም ላውጣ፤ ሞተም አልሞተም ሳይባል መቀመጥ ከበደኝ" ስትይኝ፣ "ስሌቱን እስክጨርስ ጠብቂ" አልኩሽ። የይሳቅ ጀልባ ባዶዋን ከተገኘች ወዲህ፣ ልጄ ሳይገኝ ድንኳን አይተከልም ያልኩት እኔ ነኝ። ዘመዶችሽ "ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት አማት ናት!" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ይበሉ፤ አይሞቀኝም አይበርደኝም። አንቺ ግን ለምን እንዳስጠበቅኩሽ ማወቅ አለብሽ።

ሐይቁን ኮምፒውተር ላይ በሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች እከፋፍለዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚቆርጠው። እኛ ሜሽ እንለዋለን። ጥልቀቱንና የነፋሱን አቅጣጫ አስገባበታለሁ፤ ውሃው ከቁራጭ ወደ ቁራጭ በየት በኩል እንደሚሄድ ያሰላል። የእናንተ ሐይቅ ስፋት እንጂ ጥልቀት የለውም፤ መሀሉ ላይ እንኳ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የላይኛው ራስ አይጠልቅም። እንዲህ ያለውን ውሃ የሚነዳው ነፋስ ነው። ጥልቀቱን አምና የለካልኝ ይሳቅ ነው፤ ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ፣ "እማ፣ ልጅ ነው የወለድሽው ወይስ ቀያሽ?" እያለ። ሸምበቆው ውስጥ ግን ጀልባ አያስገባም ብሎ ተወው። እኔም እዚያ በግምት ሞላሁት፤ ቁራጮቹንም ትልልቅ አደረግኳቸው።

የመጀመሪያው ስሌት ውሃው ይሳቅን የወሰደበትን አንድ ቦታ አሳየኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ዳር። ቁርጥ ያለ መልስ ነበር። ዓሣ አጥማጁ አኒስ ከነጓደኞቹ ያንን ዳር ሲያስስ ሰነበተ፤ አንድ እግር ጫማ እንኳ አላገኙም። ይህን ስትነግሪኝ የጠረጠርኩት ስሌቴን ሳይሆን ፈላጊዎቹን ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ አትፍረጂብኝ።

ከዚያ ሜሹን ማሻሻል ያዝኩ። ሸምበቆው ዳር ያሉትን ቁራጮች አደቀቅኳቸው። ቀጭንና ሹል ሆነው የወጡትን አስተካከልኳቸው፤ አንዷ የተጣመመች ቁራጭ መላውን ስሌት ታበላሻለችና። መሀል ሐይቁን እንዳለ ተውኩት፤ እዚያ ውሃው አንድ ዓይነት ስለሆነ ማድቀቅ ትርፉ ድካም ነው። አኒስን ለመንኩትና ሸምበቆው ውስጥ በእግሩ ገብቶ ጥልቀቱን በእንጨት ለካልኝ። እግዜር ይስጠው፣ አልቅት እየበላው ነው የለካው።

ሜሽ ጥሩ ነው የሚባለው ከዚያ በላይ ብታደቅቂውም መልሱ የማይለወጥ ሲሆን ነው። ተማሪዎቼን ይህንኑ ስነዘንዛቸው ነው የኖርኩት። ፍሰቱ በመጨረሻ እንደዚያ ሆነልኝ፤ ባደቅቀውም ባላደቅቀውም አንድ ነው። ግን ያ ፍሰት ሸምበቆው መሀል በትንንሽ ሽክርክሪት የተሞላ ነው። ይሳቅ ነበረበት ከተባለው ቦታ ውሃው የሚነዳቸው ነጥቦች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ለቀቅኩ። አንዱ ወደ ምሥራቅ ዳር ይወጣል፣ አጠገቡ የነበረው ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ይሄዳል። ቀድሞ አንድ ቦታ ብቻ ያሳየኝ ቁራጮቹ ትልልቅ ስለነበሩ ነው፤ ሽክርክሪቱን ውጠውት ነበር። ሜሹ በተሻለ ቁጥር ልጄ ያለበት ቦታ እየሰፋ መጣ። አሁን ግማሽ ሐይቅ ሆኗል።

ይህንን እያየሁ ሳለ ጎረቤቴ ሱሀይራ፣ ባለሱቋ፣ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ስክሪኑ ላይ የተበተኑትን ነጥቦች አየችና "ይሄ ሁሉ ምንድነው?" አለችኝ።

"ይሳቅ ነው" አልኳት።

ሻዩን አጠገቤ አስቀመጠች። "አቦ የሺ፣ ይበቃል ወላሂ! እኛ ሬሳው ባይገኝም እንሰግድበታለን። እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?" አለች።

"እርም እናወጣለን።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ከወጣች በኋላ ፋይሉን አስቀመጥኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ። ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ ልጄ፣ የምልሽን ስሚ። አኒስን ፍለጋው ይብቃ በይው፤ ግማሽ ሐይቅ አይፈተሽም። ካህናቱን አነጋግሪና ፍትሐቱ ይደረግለት። ድንኳኑን አስተክዪ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ልበሺ፤ እኔን አትጠብቂ። ስላስጠበቅኩሽ ጊዜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። አንቺ ባልሽን ልታለቅሺለት ፈልገሽ ነበር፤ ለእኔ ደግሞ ስሌቱ እስካላለቀ ድረስ ልጄ አልሞተም ነበር። ለሰው ሁሉ ስለ ሜሽ አወራሁ እንጂ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ግን መደበቅ ነውር ነው።

ቅዳሜ በባቡር እነሳለሁ። አዳማ ድረስ ሰው አትላኪልኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። የሠፈርሽ ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚለኝ ይጨንቀው ይሆናል፤ እስካሁን ማንንም አላስቀርብም ብያለሁና። አንቺ ግን በር ላይ ስታገኚኝ "እንኳን ደህና መጡ" አትበይኝ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" በይኝ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ካንቺ ልስማው።

ነፍሱን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።

የይሳቅ እናት
የሺአረግ