ለደንብ ሲባል ስለታገደችው አንዲት መስመር

ለተከበሩ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከዕረፍት በሰላም በመመለስዎ ደስ ብሎናል፤ እርስዎ ባልነበሩበት ሳምንት ሥራው ያለ እንከን መሄዱን ስነግርዎ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬ ጠዋት በስብሰባው የቀድሞውን ደንብ እንደሚመልሱ ካስታወቁን ወዲህ ግን ወንበሬ እሾህ ሆኖብኛል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና። የጋራ የኮድ አጻጻፍ ደንብ ይኑረን ብለን የለመንንዎ እኛው ነን። ሁላችንም በየፊናችን ስንጽፍ፣ አንዱ የሌላውን ፋይል በከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች በራሱ ልማድ ይደረድረውና፣ በእርግጥ የተለወጠችው መስመር ጎርፍ እንደወሰዳት ቅጠል ትጠፋብን ነበር። እርስዎም ሰሙን፤ ሰምተውም ማናችንንም ሳያማክሩ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ደንብ አምጥተው በአንድ ጠዋት በድረ ገጾቻችን ሁሉ ላይ ጫኑት። ሊኩል መጥቶ ዓይን አጠፋ ይሉ የለ።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ክሊኒክ የሠራነው የቀጠሮ ገጽ። ገጹ ለታካሚዎች የተሳሳተ ቀን እየሰጠ መሆኑን የክሊኒኩ ነርስ ደውላ ነገረችን። «ዝምታው» የምንለው ባልደረባችን ስህተቱን ወዲያው አገኘው፤ የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ስለተሳሳተው ቀን ትንፍሽ ያላለው ከደንቡ ጋር የጫኑት ኮድ ፈታሽ ፕሮግራም ግን፣ በዚያው ፋይል ያለው የቆየ ኮድ ክፍተቱና አሰላለፉ ደንቡን አይከተልም ብሎ እርማቱን አላሳልፍ አለ። ለዚያች ቀን ብቻ በሩን እንዲከፍቱልን ደውዬ ብለምንዎ፣ «ደንብ ደንብ ነው፤ መጀመሪያ ፋይሉን አጽዱ» አሉኝ። ዝምታው ሲያጸዳ ዋለ። በዚያው ቀን አንዲት አዛውንት ከሩቅ መጥተው፣ ገጹ የሰጣቸው ቀን ሐኪሟ የማትገባበት ሆኖባቸው፣ የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የዝምታው አክስት ነበሩ። ማታ ኮቱን እያነሳ፣ ማንንም ሳያይ፣ «እርማቱ እኮ እጄ ላይ ነበር» ብሎ ወጣ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ። ፈታሹ እንዳይነካ የታዘዘው አንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው፤ እርሱም የእርስዎ። ለእኛ የቸሩንን በረከት ለራስዎ ባለመሻማትዎ ትሕትናዎን አደንቃለሁ።

እርስዎ ዕረፍት ሲወጡ አንድ ክፍል ዘግተን ተከራከርን፤ በመስመር መጀመሪያ ላይ ስለሚተው ባዶ ቦታ ስፋት ሲባል የተኳረፉም ነበሩ። በመጨረሻ ተስማማን። የቆየውን ኮድ ከሌላ እርማት ጋር ሳንቀላቅል ለብቻው አሰለፍነው፤ ከእንግዲህ አሰላለፉን ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክላል፤ ፈታሹም የሚያግደው እውነተኛ ስህተት የሚያስከትለውን ብቻ ነው። ደንቡን ሁሉም ድረ ገጾች በሚወስዱበት አንድ ቦታ አኖርነው። ሳምንቱን ሙሉ የታገደ እርማት አልነበረም፤ የተኳረፉትም ምሳ አብረው በሉ። ነገ አፈርሰዋለሁ ያሉት ይህንን ነው። እባክዎ፣ አይንኩብን።

ለደንብ ያለዎት ፍቅር ለራስዎ ፕሮጀክትም ይተርፍ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በጥቂት እንቅልፍ፣

በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ፕሮግራመርዎ

ማሳሰቢያ፦ የቀድሞው ደንብ ሊመለስ መሆኑን ለነርሷ ብነግራት፣ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ጠይቃኝ ስልክ ቁጥርዎን ሰጥቻታለሁ። ዛሬ ከሰዓት ትደውልልዎታለች፤ አክስትየዋም አጠገቧ ናቸው።