ከላይ ሲታይ መጋዘን

ጥር 4
እንደ ወትሮው ዋልኩ። ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ፣ አጉሊ መነጽር፣ ቀይ እስክሪብቶ። ጣሪያ መቁጠር። መኖሪያ ቤት ከሆነ አምስት ሰው ይያዝለታል፣ የቢሮው ደንብ ነው። ድምሩ ለሰፈሩ ስፋት ሲካፈል ሰዉ ምን ያህል ተጠጋግቶ እንደሚኖር ይታወቃል። ውሃውም መንገዱም የሚታቀደው በዚያ ነው።
ዛሬ የራሴ ሰፈር ደረሰኝ። ቤቴን አገኘሁት። አምስት ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ ያለሁት እኔ ብቻ... አራቱ እነማን ይሆኑ?

ጥር 6
ወንድሜ ደወለ።
"እህት ዓለም፣ ቤቱን ሽጪውና እኛ ጋ ነይ። ከግድግዳ ጋር እያወራሽ ልታረጂ ነው?"
"ከግድግዳ ጋር አላወራም።"
"ታዲያ ከማን ጋር?"
ራዲዮ አለኝ አላልኩትም። ይስቅብኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ አለ። ምን ልበለው?

ጥር 9
ከጓሮዬ ግንብ ጀርባ ያለውን ረጅም ቆርቆሮ ጣሪያ ዜሮ ሰጠሁት። መጋዘን ነው፣ ልጅ ሆኜ ዱቄት ይራገፍበት ነበር። አንዳንዴ ድምፅ ይሰማኛል... ጫኞች ይሆናሉ።

ጥር 11
አለቃዬ ፎቶውን አቅርቦ አየው። ከጣሪያው አጠገብ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል።
"እትዬ፣ ይሄ መጋዘን ልብስ ያጥባል እንዴ?"
አፈርኩ። ነጠብጣቦቹ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ናቸው።
"ሰፈርዎ አይደል? በእግርዎ ሄደው ይዩት።"

ጥር 13
ዞሬ ሄድኩ። በሩ በወዲያኛው መንገድ በኩል ነው፤ ስንት ዘመን ኖሬ በዚያ አልፌ አላውቅም። ውስጡ በኮምፖርሳቶ ተከፋፍሏል። ዘጠኝ ቤተሰብ። ዜሮ ብዬ የጻፍኩት!
እዚያ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በግንቡ በኩል አሳየኋት።
"ውይ! የራዲዮዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ?" ጮኸች። "ኑ እዩዋት!"
ከየበሩ ወጡ።
"እኔማ አሮጊት መስለሽኝ!" አለች አንዷ።
"ልጆቹን የሚያስተኛልን እኮ ያንቺ ራዲዮ ነው። ሰሞኑን ዝም ሲል አመማት እንዴ ስንል ነበር" አለች ልብስ ሰፊዋ።
ባትሪ ጨርሶ ነበር... ስለ እኔ የሚጨነቅ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥር 14
ዜሮውን ሰረዝኩ። ትክክለኛውን ቁጥር ጻፍኩ። በራሴ ጣሪያ ላይ ያለውን አምስት ግን አልነካሁትም። ደንብ ነው።

ጥር 29
ለወንድሜ ደውዬ ቤቱን አልሸጥም አልኩት። "ብቻሽን?" አለ። ምን ብዬ ላስረዳው? ቤቱ ያው ጭር እንዳለ ነው። እራቴንም ብቻዬን በላሁ።
ራዲዮውን ከአልጋዬ ራስጌ አንስቼ የጓሮው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከግንቡ ወዲያ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ መጣ።
"ትንሽ ጨመር አድርጊው!"
ጨመር አደረግኩት።