በለቅሶ ቤት የተሰማ ፒያኖ

አዳማ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰብለወንጌል፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ ይህን ስታነቢ እንዴት እንደምትሆኚ አውቃለሁ። ደብዳቤው የሚቆየው ባልሽ ጆቴ ዘንድ ነው። በሰላም ወልደሽ፣ ጠንክረሽ፣ እዚያ ያሉት የሀገር ልጆች በማለዳ በርሽን አንኳኩተው ካረዱሽ በኋላ እንዲሰጥሽ አደራ ብየዋለሁ። ስለዚህ እናትሽ ዘርፉ መሞቷን ከእኔ ወረቀት አትሰሚም። ሰው አቅፎሽ ሰምተሽ፣ አልቅሰሽ፣ ከዚያ ነው ወደዚህ የምትመጪው። እንዲህ ይሁን ያሉት ዘመዱና እድሩ እኔን ሳይጠይቁ ነው።

ያረፈችው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ያው ልቧ ነው፤ ሐኪሞቹ ያሉትን ታውቂዋለሽ። ከቀብር እንደተመለስን አክስትሽ እትዬ ሙሉብርሃን ድንኳኑ መሀል ቆመች። «ልጇ ባሕር ማዶ እርጉዝ ናት፤ ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም። በስልኩ ፎቶ የሚለቅ ካለ ከእንግዲህ እኔና እሱ ቡና አንጠጣም» አለች። አክስትሽን ታውቂያታለሽ፤ ጄኔራል መሆን ሲገባት ጨርቅ ነጋዴ ሆና ቀረች። የእድሩ ዳኛም ተነስቶ ቃሏን ደገመው። እኔ ከዱከም እስከ ሻሸመኔ ስንት ድንኳን ውስጥ ተጫውቻለሁ፤ ሕዝብ እንደዚያ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ የሻማ ሥዕል አልለጠፈም። ወይም አልለጠፈም ብለን አምነናል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የማን ስንቅ እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔስ እያደር ከበደ። በመጀመሪያው እሁድ ስትደውዪ «ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ስልኳም ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል» አልኩሽ። ቀጥሎ «ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል» አልኩ። ያጠመደችኝ ይቺ ናት፤ ጉንፋን መዳኑ አይቀርማ። አንቺም «ሲሻላት በአዲሱ ፒያኖ አንድ ዜማ ለልጄ ታዚምለት፤ ስልኩን ሆዴ ላይ አድርጌ አሰማዋለሁ» አልሽ።

ስለላክሽልን ፒያኖ ልንገርሽ፤ በስልክ ከማመስገን በቀር በደንብ አልነገርኩሽም። መስከረም ላይ ከጆቴ አጎት ዕቃ ጋር ሞጆ ደረቅ ወደብ ገባ ሲባል እኔና እናትሽ ልናመጣው ሄድን። በሚኒባስ ካርቶኑን ጉልበታችን ላይ አጋድመን ስንመለስ ረዳቱ «የሕፃን አልጋ ነው እንዴ እማማ?» አላት። «አልጋው ገና ነው፣ አያት ልሆን ነው» ብላ እስከ አዳማ ድረስ ስላንቺ አወራችለት። ልጁ ጆሮው እስኪግል ሰማት።

ቤት ገብተን ሰካሁት። የመጀመሪያውን ኮርድ ስነካ እናትሽ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ድምፁ ድሮ የምንሠራበት ሆቴል ፒያኖ ነበር፣ ራሱ። አንቺ አልደረስሽበትም። እኔ በወጣትነቴ ስጫወትበት እሷ ከጎኑ ቆማ የምትዘፍንበት፣ እንደ ሣንዱቅ የከበደ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በቢራ ሣጥን የተደገፈ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ነበር። ውስጡ ትንንሽ መዶሻዎች ብረት ይመታሉ። ቀስ ብለሽ ስትነኪው እንደ ደወል ይጠራል፤ ጠንከር ስትዪበት ያጉረመርማል። የአዲሱ ሠሪዎች ያንን ሁሉ ቀድተውታል፣ የመዶሻውን ኳኳታ እንኳ አልተዉም። ልዩነቱ አለማርጀቱ ነው። የድሮው በአዳማ ሙቀት ቅኝቱ እየወረደ ትናንት የዘፈነችበትን ድምፅ ዛሬ አታገኘውም ነበር። ይሄኛው ትናንትም ዛሬም ያው ነው።

ያን ዕለት እናትሽ ራሷ ያወጣቻትን ዜማ አዜመች፤ ልጅ ሆነሽ የምታስተኛሽን። በራሷ ስልክ ቀዳሁት። ልልክልሽ ስል «ድምፄ ሻክሯል፤ ሌላ ቀን አሳምሬ እላታለሁ» ብላ ስልኩን ቀማችኝ። በሰባዎቹ ማይክ የያዘች ሴት መቼም ኩራቷ አይለቃትም።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለው፣ ዘግይቼ ያወቅሁት። ከማረፏ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት መብራት አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። መስኮቱ ሥር ተኝታ «ኪዳኔ፣ እስኪ ያንን ነገር ንካልኝ» አለችኝ።

«መብራት የለም እኮ ዘርፍዬ።»

«ታዲያ? ያኛው መብራት ሲጠፋም ይሰማ አልነበር?»

እውነቷን ነው። ሆቴሉ ውስጥ መብራት ሲሄድ ብረቱ ብቻውን በቀጭኑ ይሰማ ነበር፤ ጠጪው ሁሉ ፀጥ ይላል፣ እሷ በዚያች ቀጭን ድምፅ ላይ ትዘፍናለች። ይሄኛው ያለ መብራት ሳንቃ ነው። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ፤ ጠቅ ጠቅ፣ ሌላ ምንም የለም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን በዚያ ላይ አንቀሳቀሰች፤ ከእሷም ድምፅ አልወጣም። ሁለታችንም ዲዳ ሆነን ዘፈኑን ጨረስነው። በማግስቱ ጠዋት አረፈች፤ መብራቱ የመጣው ድንኳን ሲተከል ነው። ስጦታሽን መውቀሴ አይደለም ልጄ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ለምናኝ እምቢ ያልኳት ይመስለኛል፤ ያ ነገር ከአንጀቴ አልወጣም።

እንግዲህ ጉንፋኑ መዳን ነበረበት። እሁድ ከመደወልሽ በፊት ስልኬን ኪቦርዱ ላይ አቆምኩ፣ የእሷን ከጎኑ አጋደምኩ። ስትደውዪ «እናትሽ ተዘጋጅታለች፤ ዝም ብለሽ ስሚ» አልኩሽ። መግቢያውን በጣቴ ተጫወትኩ፤ እሷ የምትገባበት ቦታ ላይ ስደርስ የእሷን ስልክ ከፈትኩ። መጋጠሚያው አልታወቀም። በመስከረም የቀዳሁትና በኅዳር የተጫወትኩት አንድ ሆኑ። የድሮው ፒያኖ ቢሆን ያጋልጠኝ ነበር፤ ይሄኛው ከእኔ ጋር አብሮ ዋሸ።

ዜማው አለቀ። «እማዬ» አልሽ። «ሰምቷል እኮ እማዬ፣ እየረገጠኝ ነው።» ጠበቅሽ። «እማዬ?»

ስልኩን ዘጋሁት። ኋላ ኔትወርክ ነው ብዬ መልእክት ላክሁልሽ።

ዞር ስል ጎረቤታችን ሲሃም በር ላይ ቆማለች። ሽንኩርት ስትከትፍ የሟቿን ድምፅ ሰምታ ቢላዋውን እንደያዘች ነው የሮጠችው። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ በለቅሶ ቤት እንኳን ፒያኖ ሬዲዮም አይከፈት። እሷ ግን ደፉ ላይ ቁጭ አለችና «አንዴ ይድገሙልኝ» አለች። አልደገምኩላትም። አክስትሽም በማግስቱ ሰማች። ጉዴ ፈላ ስል «ጥሩ መላ ነው፤ እስክትወልድ በየሳምንቱ አሰማት» አለችኝ። ከቁጣዋ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

ባለፈው እሁድ ደወልሽ። ስልኮቹን አዘጋጅቼ፣ ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ነበር የጠበቅሁሽ። «እማዬስ?» አላልሽም። «አባዬ፣ ምሳ በላህ?» አልሽ። በልቻለሁ አልኩ። «ሲሃም ታይሃለች?» አዎ አልኩ። «ቤት ውስጥ ብቻህን አትደር፣ እሺ? አንድ ሰው ይኑር።» እሺ አልኩ። ከዚያ «አይዞህ አባዬ» ብለሽ ዘጋሽው። ለምን አይዞህ እንዳልሽኝ አልጠየቅሁሽም።

ሰኞ ጆቴ ዘንድ ደወልኩ። «ነገርካት?»

«ኧረ በፈጣሪ አባባ፣ እኔ ምን ብዬ?» ብሎ ማለልኝ። አምነዋለሁ፤ ጆቴ መዋሸት አይችልበትም። ቀጥሎም «ጸጉሯን ግን ተቆረጠች» አለኝ።

«ያንን የሚያህል ጸጉር?»

«ከበደኝ፣ ሞቀኝ አለች። እኔ ሥራ ሄጄ ራሷ በመቀስ ነው የቆረጠችው። አላማረም።»

አያትሽ የሞቱ ጊዜ እናትሽ ጸጉሯን እንደዚያ ቆርጣ ነበር። አንቺ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ አጠገቧ ቆመሽ ከመሬት ስትለቅሚላት አስታውሳለሁ።

ልጄ፣ አውቀሽ ከሆነ ብቻሽን ነው ያለቀስሽው። ደረትሽን ስትመቺ እጅሽን የያዘ የለም። ያን ሆድ ይዘሽ፣ ጆቴ እንዳይሰማ ውሃ ከፍተሽ ይሆናል። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አልነገረሽም፣ ያ «እማዬ?» ብለሽ የጠበቅሽው ዝምታ ነው የነገረሽ። እኛ ደግሞ እዚህ ከመርዶ ጠበቅናት ብለን ተቀምጠናል። ካላወቅሽም ጸጉር ጸጉር ነው፣ እርጉዝ ይሞቃታል፣ ያበድኩት እኔ ነኝ። እንዳልጠይቅሽ፣ ካላወቅሽ ጥያቄዬ ራሱ መርዶ ይሆናል። አንቺም ካወቅሽ እኔ እንዳልሰበር ብለሽ አትነግሪኝም። እናትሽን ሁለታችን ቀብረናት ሁለታችንም አልሞተችም እያልን ነው።

ሰው ይጽናናል፣ ጊዜ ያልፋል አልልሽም፤ ውሸት ሰልችቶኛል። ቤቱ ባዶ ነው። ጠዋት የምነሳው ሰዎች ስለሚመጡ ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ ለምን እንደምነሳ አላውቅም።

ስትወልጂ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ እልል የምትልልሽ እሷ ነበረች። እኔ እልልታ አልችልም፣ ግን አስቀድሜ ልበልልሽ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። ለሕፃኑ ከእናትሽ የተረፈውን ዕድሜ ይስጥልኝ። ጡትሽ አይንጠፍ፣ ቤታችሁ ዳግም ኀዘን አይግባው። ጆቴን ሳሚልኝ፤ በእኛ መሀል ቆሞ የተሸከመው ቀላል አይደለም።

የፊታችን እሁድ ትደውያለሽ። ይህን ስታነቢ ያ እሁድ አልፏል፤ ምሳ በልቻለሁ ማለቴን፣ ስለ ጸጉርሽም አለመጠየቄን ታውቂያለሽ።

አባትሽ
ኪዳነወልድ